የአያ ጅቦ አቋራጭ

አንድ ጊዜ፣ ከተማው አልቆ ቁልቁለቱ በሚጀምርበት ቦታ፣ እስከ ወንዙ የሚወርድ የዝግባና የወይራ ደን ነበር። ትልቅ ደን አይደለም። አንበሳ ቢያየው «ይቺማ ለመንጠራሪያም አትበቃኝ» ብሎ የሚያልፈው ዓይነት ነው፤ እንዲያውም አይቶት አልፏል። ለሚኖሩበት ግን ይበቃቸው ነበር። ጃርቱም፣ ድኩላውም፣ ከርከሮውም፣ ጦጣዋም በየጥጋቸው ተከባብረው ይኖሩበታል። የከተማው ሰዎችም እሁድ እሁድ ጠዋት እግራቸውን ሊያፍታቱ ይመጡና ንጹሕ አየር ስበው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ።

በደኑ ውስጥ ከላይ ከከተማው እስከ ታች ወንዙ የሚያደርስ አንድ መንገድ ነበር። መንገዱ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ወደ ግራ ሄዶ ይታጠፋል፣ ወደ ቀኝ ሄዶ ይታጠፋል፤ ላየው ሰው ሰካራም የቀየሰው ይመስላል። የቀየሱት ግን የአባ ጃርት አያቶች ናቸው፣ ጃርት ደግሞ መሬት ሲቆፍር አይቀልድም። መንገዱ ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ ሽቅብ የሚወጣ ሁሉ ከወንዙ ዳር አንድ ድንጋይ ይዞ ይወጣና ከመታጠፊያዎቹ በአንዱ ጠርዝ ላይ ያኖራል። ጎርፍ ሲመጣ አፈሩን ይዞ የሚያስቀረው እሱ ነው። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ፣ በመንገዱ ላይ ማንም ማንንም አይነካም። ጠብ ያማረው ወይም ሥጋ ያማረው ከመንገዱ ወርዶ ይሞክር።

ይህ ሁለተኛው ሕግ ከሁሉም በላይ የጠቀመው አህያዋን ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ለከተማ ሰው እህልና ስሚንቶ ስትሸከም ኖራ፣ ጉልበቷ ሲከዳት አውጥተው የጣሏት አሮጊት ናት። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ እስክትደክም ድረስ ይወድሃል። ደኑ ውስጥ እንደገባች ሕጉን ነገሯት፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ከመንገዱ ወርዳ አታውቅም። የምትግጠው የመንገዱን ዳር ሣር፣ የምትተኛውም እዚያው መንገዱ ላይ።

ሁለተኛው ሕግ ከሁሉም በላይ ያቃጠለው ደግሞ አያ ጅቦን ነበር። አያ ጅቦ ከባለቤቱ ከጅቢት ጋር ታች ወንዙ አጠገብ፣ አንድ ጎሬ ውስጥ ይኖራል። አመሻሽ ላይ ወደ ከተማው ልኳንዳ ቤቶች ጓሮ እየወጣ አጥንት ይለቅማል። ሲወጣ አህያዋን ያገኛታል፣ ሲወርድም ያገኛታል። «እንደምን ዋልሽ» ይላታል ምራቁን እየዋጠ። «እግዜር ይመስገን» ትለዋለች፣ አራቱም እግሮቿ መንገዱ ላይ መሆናቸውን አየት እያደረገች። ሆዱ እየጮኸ ያልፋታል።

ለነገሩ አያ ጅቦ ክፉ አልነበረም። ሆዱ ሁልጊዜ ከጭንቅላቱ ስለሚቀድም እንጂ። በዚያ ዓመት ደግሞ የሚያስሮጠው የራሱ ሆድ ብቻ አልነበረም። ጅቢት አርግዛለች። ከዚህ በፊት የወለደቻቸው አላደጉላቸውም፤ አንዴ ብርድ ወሰደባቸው፣ አንዴ ወተቷ ደረቀ። ስለዚህ አያ ጅቦ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ዘንድሮ ጅቢት ጠግባ፣ ደረቅ ቦታ ላይ፣ በሰላም ትገላገል። ለዚህም ሲል ከከተማው ውሾች ቀድሞ ልኳንዳ ቤት መድረስ ፈለገ፣ ያ ጠመዝማዛ መንገድ ግን አላስኬድ አለው። ድንጋዩንም ቢሆን ይዞ አይወጣም ነበር። ባቄላ የምታህል ጠጠር ምላሱ ሥር ያደርግና መታጠፊያው ላይ ሲደርስ እንትፍ ብሏት ያልፋል። ለምን ሲሉት፣ መንገድ ላይ ሥጋ ቢያጋጥመው በድንጋይ የተሞላ አፍ ምን ይሠራለታል? እንዲህ ነበር መልሱ።

ይህን ሁሉ ከጉድጓዷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስትመለከት የከረመች ቀበሮ ነበረች። ጉድጓዷ ከደኑ ወገብ ላይ፣ ከሦስተኛው መታጠፊያ በታች ነው። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ አያ ጅቦ እያለከለከ ሲወጣ ጠራችው።

«አያ ጅቦ፣ ስታሳዝነኝ! ይህን ሁሉ መዞር ምን አመጣብህ? ቤትህ ከዚህ ቁልቁል ይታያል፣ ልኳንዳው ከዚህ ሽቅብ ይሸታል። በዚህ በወጣቱ ዝግባ መሀል ቀጥ ብለህ ብትወጣ ምን አለበት?»

አያ ጅቦ ቁልቁል አየ፣ ሽቅብም አሸተተ። እውነቷን ነው። ቢሆንም ሕጉን ፈራ። «ድንጋዩስ?» አላት።

«ሕጉ ምን ይላል? ድንጋይ በመታጠፊያ ይቀመጣል ነው የሚለው። መታጠፊያ በሌለው መንገድ ድንጋዩን የት ልታስቀምጠው ነው?»

አያ ጅቦ ይህን ነገር ቆሞ አሰበው። ለእሱ ማሰብ ከባድ ሥራ ነው፣ ያልበዋል። አገላብጦ ቢያየው ቀዳዳ አጣበት። በማግስቱ ችግኙን እየረገጠ፣ ሣሩን እየላጠ፣ ከጎሬው እስከ ልኳንዳው ቀጥ ብሎ ወጣ። ከውሾቹም ቀደመ። ያን ዕለት ያገኘው አጥንት ሥጋው እንኳ በቅጡ አልተጋጠም ነበር።

ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ከወገቡ ላይ ሲደርስ እግሩ ይከዳዋል፣ እሱ ዘጭ ሲል አጥንቱ ከአፉ ያመልጥና ይንከባለላል። ተነስቶ ቢፈልግ የለም። ጎንበስ ብሎ ቀበሮን ይጠይቃታል፤ እሷም አፏን እየጠራረገች፣ ዘንድሮ ደኑ ውስጥ ሌባ በዝቷል ብላ ታዝንለታለች። አያ ጅቦም ማዘኗን እያመሰገነ፣ በቀረችው አጥንት ወደ ጅቢት ይወርዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን ያፈሰሰውን ማን እንደሚለቅምለት እንኳ አላወቀ።

አንዱ የሄደበትን ሌላው ሳይሄድበት አይቀርም። መጀመሪያ ከርከሮው ተከተለ። ድንጋይ ከመሸከም መገላገሉ ደስ ብሎት እያፏጨ ነው የወጣው። ቀጥሎ ድኩላው ወጣ። ጦጣም ከዛፍ ዛፍ መዝለል የምትችለው ጉደኛ ሳትቀር፣ ሰው የሄደበት አይቅርብኝ ብላ በእግሯ ተከተለች። የእሁድ ተጓዦችም አቋራጩን አይተው ጊዜ አላጠፉም፤ የሰው ልጅ አቋራጭ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ክረምቱ ሳይገባ ደኑ መሀል ለመሀል ተላጨ። ችግኞቹ ደቀቁ፣ የትልልቆቹ ዝግባዎች ሥር ከአፈር ወጥቶ እንደ አሮጌ ሰው እጅ ደም ሥሩ ታየ።

በጠመዝማዛው መንገድ የቀረችው አህያዋ ብቻ ነበረች። ጀግና ሆና እንዳይመስላችሁ፤ ፈርታ ነው። አቋራጩ ሕግ የለውማ። ወንዝ ወርዳ ውሃ በጠጣች ቁጥር አንድ ድንጋይ በጥርሷ ይዛ ትመለሳለች፣ አባ ጃርትም እየተቀበለ ጠርዙ ላይ ይደረድረዋል። ሁለት ሽማግሌዎች የስንቱን ሥራ ይችሉታል? አባ ጃርት አንድ ቀን ቢቸግረው አያ ጅቦን ጎሬው ድረስ ወርዶ አነጋገረው።

«ልጄ፣ አንተ የከፈትከውን መንገድ ውሃም አይቶታል» አለው።

አያ ጅቦ ሳቀ። «አባ፣ ውሃ ምን እግር አለውና?»

አባ ጃርት ጅቢትን በደህና ተገላገይ ብሎ መርቋት ሄደ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ከረፋዱ ጀምሮ ሰማዩ ተቀደደ። ከሰዓት በኋላ ጅቢትን ምጥ ጀመራት። አያ ጅቦ ከጎሬው አፍ ላይ ቆሞ፣ ያገኛትን ጭራሮ ከሥሯ እየጎዘጎዘ፣ አይዞሽ እያለ ሲንቆራጠጥ አንድ ድምፅ ሰማ። ከላይ ነው። ቀና ቢል ውሃው በአቋራጩ እየመጣ ነው። መታጠፊያ የለ፣ የሚያበርደው ድንጋይ የለ፤ ልክ አያ ጅቦ ከውሾች ለመቅደም ሲሮጥ እንደነበረው ሁሉ፣ ከከተማው እስከ ጎሬው አንድ ጊዜም ሳያርፍ መጣ። ውሃ እግር ኖሮታል። ጎሬው በአንድ አፍታ ሞላ።

«ተነሺ» አላት። «ከላይ ከዝግባው ሥር ያለችው የድንጋይ ዋሻ ደረቅ ናት። ተነሺ የኔ እመቤት።»

እግሩ እንደለመደው ወደ አቋራጩ ወሰዳት። አቋራጩ ግን የጎርፍ መውረጃ ሆኗል። ጅቢት ቀና ብላ አየችው። «በዚህ አልችልም» አለችው።

እንግዲህ የቀረው አሮጌው መንገድ ነው። ባቄላ የምታህል ጠጠር ሲተፋበት የኖረውን መንገድ ጀመሩት። ጅቢት ሆዷን እየጎተተች ቀስ ብላ ትወጣለች፣ ምጡ ሲመጣባት መታጠፊያው ላይ ታርፋለች። መሬቱ አይከዳትም፣ ጠርዙ አይናድባትም። አያ ጅቦ ከኋላዋ እየደገፋት ሲወጣ ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ ከድካም አይደለም። በዕድሜው ያላሰበው ነገር መጣበት። ለካ የጃርት አያቶች መንገዱን እንዲህ ያጠማዘዙት ቀጥ ብሎ መውጣት አቅቷቸው አልነበረም። ሆዷ የከበደ፣ ጉልበቱ የደከመ፣ ሸክም የበዛበት እንዲወጣበት ነው። በአህያዋ ጥርስ የመጣ እያንዳንዱ ድንጋይ የሱን ሚስት እግር ይዞ ነው የቆመው። አፈረ። ክፉኛ አፈረ።

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ መንገዱ ተቆርጧል። አቋራጩ መንገዱን የሚያቋርጠው እዚያ ነበርና፣ ጎርፉ ቦርቡሮት ከወዲህ ወዲያ ቡናማ ውሃ ይገለባበጣል። ዋሻዋ ማዶ ትታያለች። አያ ጅቦ ገብቶ ሞከረ፣ ውሃው ገፍትሮ መለሰው። ጅቢትን ደግፎ ሞከረ፣ ሁለቱም ተንሸራተቱና ለጥቂት ተረፉ። ጅቢት መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እዚሁ ልሁን፣ በቃኝ» አለች። ዝናቡ ይወርድባታል። አያ ጅቦ ያለፉት ልጆቹ ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት። አለቀሰ፤ ጅብ ሲያለቅስ ደግሞ ለሰው የሚስቅ ይመስለዋል እንጂ፣ የማያለቅስ መስሏችሁ እንዳትሳሳቱ።

ከማዶ፣ ከመንገዱ ቁራጭ ላይ፣ አህያዋ ቆማ ታያቸው ነበር። አያ ጅቦም አያት። በሕይወቱ ምግብ ከመሆኗ በቀር ሌላ ነገሯን አስቦት የማያውቃትን አሮጊት ቀና ብሎ አየ።

«እማማ» አላት። «እርስዎ ረጅም ነዎት፣ ሸክምም ችለው ኖረዋል። እባክዎ፣ ለኔ ሳይሆን ለሷ።»

አህያዋ ውሃውን አየች፣ አያ ጅቦን አየች። «እዚህ ውስጥ ከወረድኩ ከመንገዱ ወጣሁ ማለት ነው። ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ» አለ አያ ጅቦ።

ጅቢት ያን ጊዜ አቃሰተች። አህያዋ ድምፁን ታውቀዋለች። እሷም ውርንጭላዋን የወለደችው ጀርባዋ ላይ ጭነት እያለ ነው፣ የሚያራግፍላት ጠፍቶ። የፊት እግሮቿን አስቀደመች፣ ቀስ ብላ ወረደች፣ ከጎርፉ መሀል ገብታ ጎኗን ለውሃው ሰጥታ ቆመች። ውሃው እሷ ላይ ተሰበረ። ከበታቿ በኩል ጋብ አለ። ጅቢት በአህያዋ ጎን እየተደገፈች፣ አያ ጅቦ ከኋላ እየገፋ፣ እግር በእግር ተሻገሩ። በመሀል አያ ጅቦ አፍንጫው ከአህያዋ ታፋ ጋር ተላተመ። ከመጣች ጀምሮ ይህን ያህል ቀርቧት አያውቅም። ሆዱ፣ ያ ከይሲ ሆዱ፣ ጮኸ።

አህያዋ ሰማች። ጆሮዋ ቆመ።

«ሆዴ ነው እማማ» አላት አያ ጅቦ። «እኔ አይደለሁም።»

ጅቢት ማዶ ወጥታ ወደ ዋሻዋ ገባች። አያ ጅቦ ሊከተላት ሲል ዞር ቢል አህያዋ አልወጣችም። ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ቀርቷል፤ ውሃው ትከሻዋ ደርሷል። አንዴ እሱን አየችው፣ ከዚያ ዓይኗን ከደነች። የመጣባትን የምታውቅ መስሏታል።

አያ ጅቦ ተመልሶ ገባ። አፉን ከፈተና ማጅራቷ ላይ ያለውን ጋማ ነከሰ። ያ አጥንት የሚያደቅ ጥርስ ቆዳዋን ነካ፣ አልዘለቀም። እግሮቹን ከዝግባው ሥር አስደግፎ፣ ወደ ኋላ እየሄደ፣ ጎተተ። አንገቱ ሊበጠስ ደረሰ። ጭቃው አልለቅ አለ፣ ቆይቶ ለቀቀ። ሁለቱም ማዶ ተዘረሩ።

አህያዋ አልሸሸችም። ብትፈልግም አቅም የላትም። «ከመንገዱ ወጥቻለሁ» አለች እያለከለከች።

አያ ጅቦ አፉ ውስጥ የቀሩትን ጸጉሮች ተፋ። «አልወጡም» አላት። «ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ የቆሙበት ሁሉ መንገድ ነው።»

ወደ ማታ ዝናቡ ሲያባራ ጅቢት ተገላግላ ነበር። ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ደህና። አህያዋ ነፋሱን በጀርባዋ እየመከተች ዋሻው አፍ ላይ ተኛች፤ አያ ጅቦ ደስታው የሚያደርገውን አሳጥቶት ይወጣል ይገባል። አንዴ ወጥቶ ቁልቁል ሲያይ ቀበሮ ከጉድጓዷ በላይ አንድ ጉቶ ላይ ወጥታ ትንቀጠቀጣለች። ጎርፉ ጉድጓዷን አጥቦ ያላትን ሁሉ አውጥቶታል፣ የአጥንት ክምር ጭቃው ላይ ተበትኗል። አያ ጅቦ አጥንቶቹን በጥርሱ ምልክት አወቃቸው።

«የጠፉብኝ ናቸው» አላት።

«ላቆይልህ ብዬ ነው» አለች ቀበሮ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይበላት ነበር። ያን ማታ ግን ደስ ብሎታል፤ ወርዶ በማጅራቷ ይዞ አወጣትና ከዋሻው ጥግ አስጠጋት።

በማግስቱ አባ ጃርት ደቦ ጠራ። የቀረ የለም፤ ያልተጎዳ አልነበረማ። ከርከሮው አፈሩን መለሰ፣ ድኩላውና ጦጣዋ እሾህ እየጎተቱ የአቋራጩን አፍ ከላይም ከታችም ዘጉ። ቀበሮን አባ ጃርት በእሾሁ አጠገብ አስቀመጣትና፣ በአቋራጩ መሄድ ያማረውን ሁሉ እንድታግባባ ሾማት። ምላሷ የተመሰገነ ነው፤ ያን ያህል ሰው ወደ ጠመዝማዛው መንገድ የመለሰ የለም። አያ ጅቦ ደግሞ፣ እነሆ፣ ከወንዙ ዳር ሌላው ሊያንቀሳቅሰው ያልቻለውን ድንጋይ በዚያ መንጋጋው እያነሳ ሦስተኛውን መታጠፊያ ከሥሩ ሠራው። የእሁድ ተጓዦች እሾሁንና አዲሱን ግንብ አይተው በአሮጌው መንገድ ተመለሱ። አንዳንዶቹም ምክንያቱን ሳያውቁ፣ ሌሎች ያኖሩትን አይተው ብቻ፣ ድንጋይ ያኖሩ ጀመር።

በዓመቱ አቋራጩ ላይ ሣር በቅሎ፣ የዝግባ ችግኝ ጉልበት ደርሶ ነበር። አህያዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ከመንገዱ ርቃ፣ ለምለሙ ውስጥ ገብታ ስትግጥ ታየች። አያ ጅቦ ከሁለት ልጆቹ ጋር ሽቅብ ሲወጣ አገኛት። ልጆቹ እንደ አቅማቸው አንዳንድ ጠጠር ይዘዋል፣ አባታቸው ጭንቅላቱን የሚያህል ድንጋይ። እንደምን ዋሉ ሊላት ፈልጎ ነበር፣ አፉ ግን ሞልቷል። ስለዚህ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳትና መንገዱን ይዞ ወጣ።

ከዚህ የምንማረው፣ የጋራ መንገድ የሚጠመዘዘው ጉልበት ያለውን ለማዘግየት ሳይሆን የደከመውንም ለማድረስ ስለሆነ፣ ለራሱ ሲል ያሳጠረው ሰው በክፉ ቀን የሚቆርጠው የገዛ ቤተሰቡን መውጫ መሆኑን ነው።